የኮቡክ ወንዝ አሮጌ ካርታዎች፦ አንድ ወረቀት፣ ብዙ ዘመን

በካርታ ጥግ ላይ የታተመው ዓመት ብዙ ሰው ያሳስታል። «1955» የሚል ያየ ሰው የ1955ን መሬት የሚያይ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ተራራው በአንድ ዘመን የተለካ፣ ወንዙ በሌላ ዘመን ፎቶ የተነሳ ሊሆን ይችላል። መንደሩ ከዚያ በኋላ ተጨምሮ ይሆናል። የገባሩ ስም ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ መኮንን ማስታወሻው ላይ የጻፈው ይሆናል። አንድ ወረቀት ላይ አብረው ሲታተሙ ግን ሁሉም እኩል እርግጠኛ ይመስላሉ። አሮጌ ቶፖግራፊክ ካርታ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ፣ ማንበብ ማለት እነዚህን የተደራረቡ ዘመናት መለየት ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳይ ቦታ ምረጥ ብባል ኮቡክ ወንዝን እመርጣለሁ። ኮቡክ ያለው በሰሜን ምዕራብ አላስካ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው። ከብሩክስ ተራሮች ተነስቶ ወደ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ኮትዘቡ ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል። እስከ ዛሬ ድረስ አካባቢውን ከሌላው የአላስካ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። የሚገባው በትንንሽ አውሮፕላን፣ በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶ ሞተር ነው። ባለአገሮቹ ኢኑፒያቶች ናቸው። ኦኒየን ፖርቴጅ በሚባለው የወንዙ መታጠፊያ ላይ የተገኘው የሰው ልጅ አሻራ ከ8,000 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች «መጀመሪያ» ስል መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰፈሩትን ማለቴ ነው እንጂ መጀመሪያ ያወቁትን አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ አላስካን ከሩሲያ የገዛችው በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለብዙ ዓመታት የገዛችውን መሬት ውስጡን አታውቀውም ነበር። ካርታው ላይ የባሕሩ ዳርቻ አለ፤ መሃሉ ባዶ ነው። ኮቡክ ወደ አሜሪካ ካርታ በወጉ የገባው በ1880ዎቹ ሲሆን የገባውም በፉክክር ነው። ሌተናንት ጆርጅ ስቶኒ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ሌተናንት ጆን ካንትዌል ደግሞ ባሕር ላይ ቀረጥና ሕግ የሚያስከብረው የሌላው መሥሪያ ቤት መኮንን ነው። ሁለቱም በ1884 እና በ1885 ያንኑ ወንዝ ሽቅብ ወጡት። ስቶኒ ወንዙን በሞተ የባሕር ኃይል ባልደረባ ስም «ፑትናም» አለው። ካንትዌል «ኮዋክ» ብሎ ጻፈ። ዛሬ ያለው አጻጻፍ «ኮቡክ» ነው። የዚያን ዘመን ካርታና ዘገባ የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ስም ካልሞከረ ግማሹን ሰነድ አያገኝም። ሁለቱንም መኮንኖች መንገድ የመሯቸው ኢኑፒያቶች መሆናቸውንም ልብ በሉ። የትኛው ገባር የት እንደሚያደርስ፣ የትኛው በር ወደ ሌላ ሸለቆ እንደሚያሻግር የነገሯቸው እነሱ ናቸው። ካርታው ላይ ግን የመሪዎቹ ስም አልሰፈረም። ይህ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወርቅ መጣ። የክሎንዳይክ ወርቅ ወሬ ዓለምን ባናወጠበት ሰሞን፣ በ1898፣ ኮቡክም ወርቅ አለበት ተባለና ከሺህ በላይ ሰው ወደ ወንዙ ጎረፈ። አብዛኛው ባዶ እጁን ተመለሰ። የወርቁ ጥድፊያ ለካርታ ግን ጠቀመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በአላስካ ሰፊ የቅየሳ ሥራ ጀመረ። በ1901 ጂኦሎጂስቱ ዋልተር ሜንደንሆልና ቀያሹ ሬበርን ከዩኮን ወንዝ ተነስተው፣ ከገባር ወደ ገባር እየተሻገሩ፣ ኮቡክን ቁልቁል ተከትለው ባሕር ድረስ ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፊሊፕ ስሚዝ የኮቡክንና የጎረቤቱን የኖአታክን አካባቢ አጠና።

እነዚህ ሰዎች ካርታውን የሠሩበት ዘዴ መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ መስመሮቹን ምን ያህል ማመን እንዳለብን አናውቅም። ዋናው መሣሪያ ፕሌን ቴብል ይባላል። በሦስት እግር ላይ በልኩ የተስተካከለ የስዕል ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ይወጠራል። ላዩ ላይ ትንሽ ቴሌስኮፕ የተገጠመለት ማስመሪያ ይቀመጣል። ቀያሹ ኮረብታ ላይ ይወጣና በቴሌስኮፑ ሩቅ ያለውን ጫፍ አነጣጥሮ፣ በማስመሪያው ጠርዝ ወደዚያ አቅጣጫ መስመር ያሰምራል። ሌላ ኮረብታ ላይ ሄዶ ያንኑ ጫፍ እንደገና ያነጣጥራል። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ነጥብ የተራራው ጫፍ ቦታ ነው። ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ያዘነበለበት ማዕዘን ደግሞ ከፍታውን ለማስላት ያገለግላል። በጠቋሚ ነጥቦቹ መካከል ያለውን መሬት ቀያሹ እያየ በእጁ ይስለዋል። ያ ሁሉ የሚሠራው ትንኝ እየበላው፣ ስንቅ እያለቀበት፣ በረዶ ሳይመጣ ወንዙን ለመጨረስ እየተጣደፈ ነው።

በዚህ ዘዴ የሚገርም ሥራ ተሠርቷል። ሮበርት ሙልድሮው በ1898 በደቡባዊው የሱሲትና ወንዝ ሸለቆ ሆኖ የሰሜን አሜሪካን ትልቁን ተራራ ዴናሊን ከሩቅ ለካውና 20,464 ጫማ አለ። በ2015 በጂፒኤስ ሲለካ 20,310 ጫማ ሆነ። ልዩነቱ 47 ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ከ6,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ።

የአንድ ጫፍ ከፍታ በትክክል ተለካ ማለት ግን ካርታው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ወንዝ የእነዚህ ሰዎች መንገድ ነበር። ቀያሹ ከጀልባው ወርዶ አንድ ሁለት ኮረብታ ይወጣል፤ የሚታየውን ይስላል፤ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ለዋናው ወንዝ የቀረበው መሬት የተሻለ ነው። ከወንዙ በራቃችሁ ቁጥር መስመሩ እየላላ ይሄዳል። ከጀርባ ያለው ሸለቆ በተቆራረጠ መስመር ተነክቶ ብቻ ይታለፋል፤ ወይም ጭራሽ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጩን ቦታ አከብረዋለሁ። «እዚህ አልደረስንም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ቦታ ነው። አደገኛው ያልታየውን በግምት አስውቦ የሞላ ካርታ ነው።

ኮንቱርን በተመለከተ ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው ነገር አለ። አንድ ዓይነት ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው፤ ሲጠጋጋ ገደል፣ ሲራራቅ ሜዳ። የማናስታውሰው በመስመሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነው። ብዙዎቹ የአላስካ የቀድሞ ካርታዎች በ1:250,000 ስኬል የተሠሩ ናቸው። አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በኮንቱሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ነው። እንግዲህ 50 ሜትር የሚደርስ ገደል በሁለት መስመር መሃል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ካርታው አልዋሸም፤ ያን ያህል ትንሽ ነገር አሳያለሁ አላለም። የሚጎዳው ይህን ሳያይ ጉዞ ያቀደ ሰው ነው።

ነገሩን የቀየረው አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ትራይሜትሮጎን የሚባል የፎቶ ዘዴ ተጠቀመ። ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ይሠራል። አንዱ ቁልቁል፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ አዘንብለው፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለውን መሬት አንድ ላይ ይይዛሉ። ቀያሽ በበጋ ሙሉ የማይጨርሰውን አገር አውሮፕላኑ በአጭር ጊዜ ያነሳዋል። በ1950ዎቹ የወጡት የአላስካ ካርታዎች በአብዛኛው በአየር ፎቶ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎችም የተሠሩት ከአየር ፎቶ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የምለው ለነሱም ይሠራል።

ፎቶ ያየውን እንጂ ስሙን አያውቅም። አንድ ጭረት መንገድ ይሁን የውሃ ቦይ፣ ቤቱ ሰው ይኑርበት የተተወ ይሁን ፎቶው አይናገርም። ስሙ የሚመጣው ከድሮው ዘገባ ወይም መሬት ላይ ሰው ጠይቆ ነው። ዘመኖቹ አንድ ወረቀት ላይ የሚደራረቡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ መሬቱ ከፎቶ፣ ስሙ ከ1901 ዘገባ።

አሁን ወደ ኮቡክ ጠጋ ብለን እንይ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አላስካን በሚሸፍነው ተከታታይ ካርታ አንድ ኢንች አንድ ማይል ነው፤ ስኬሉ 1:63,360። አሰያየሙ ቀላል ነው። ትልቁ የ1:250,000 ወረቀት ለአራት ረድፍ ይከፈላል፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይባላሉ። ከዚያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጠራል። የኮቡክ መንደር ያለው «ሹንግናክ ዲ-2» ላይ ነው። ሹንግናክ የሚባለው መንደር ደግሞ ቀጥሎ ባለው «ሹንግናክ ዲ-3» ላይ።

እዚህ ላይ አሮጌ ካርታ የሚያነብ ሰው ይጠንቀቅ። ዛሬ ኮቡክ የሚባለው መንደር ድሮ ስሙ ሹንግናክ ነበር። በ1899 ለወርቅ ፈላጊዎች የዕቃ ማከማቻ ሆኖ የተቆረቆረ ነው። በ1920ዎቹ ጎርፍና የዳርቻው መሸርሸር ሲያስቸግር ብዙው ሰው ወደ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ አዲስ መንደር መሠረተ። ስሙንም ይዞ ሄደ። የቀረውና በኋላ የተመለሰው ሰው የድሮውን ቦታ ኮቡክ አለው። ስለዚህ በ1910ዎቹ ካርታ ላይ «ሹንግናክ» የሚለው ነጥብና በ1950ዎቹ ካርታ ላይ «ሹንግናክ» የሚለው ነጥብ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱ ካርታ ተሳስቷል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የተንቀሳቀሰው ሕዝቡ ነው።

ከዚያ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሄድ ሲባል አምብለር አለ። አምብለር የተቆረቆረው በ1958 ነው፤ ከሹንግናክና ከኮቡክ በመጡ ሰዎች። ከዚያ በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ቦታው ጫካና የወንዝ ዳር ብቻ ነው። መንደር የሌለበት ካርታ አይታችሁ «ሰው አልነበረም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ቤት የሌለበት ቦታ የዓሣ ማጥመጃ ሰፈር፣ የአጋዘን መጠበቂያ፣ የፍራፍሬ መልቀሚያ ሊሆን ይችላል። ኢኑፒያቶች ከወቅቱ ጋር እየተንቀሳቀሱ ነው የኖሩት። የካርታ ሠሪው ምልክት ግን ቋሚ ቤት እንጂ የወቅት ሰፈር አይመዘግብም። ይህ ለእኔ ትልቁ የካርታ ጉድለት ነው። አላስካ ውስጥ ከ1971ዱ የመሬት ይገባኛል ሕግ ወዲህ «ማን የት ይኖር ነበር» የሚለው ጥያቄ ገንዘብም መሬትም የሚያስከፍል ጥያቄ ነውና።

ቀለሙም ዘመን ይናገራል። ቡናማ ኮንቱር ነው፤ ሰማያዊ ውሃ፤ አረንጓዴ ዛፍ፤ ጥቁር ሰው የሠራው። ኮቡክ ሸለቆ ውስጥ ያለው 65 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል የአሸዋ ክምር በቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፤ አዎ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ የአሸዋ በረሃ አለ። ሐምራዊ ካያችሁ ቆም በሉ። ሐምራዊው በኋላ የተጨመረ ነው። ካርታውን እንደገና ከመሥራት ይልቅ አዲስ የአየር ፎቶ ታይቶ የተለወጠው ነገር ብቻ በሐምራዊ ይታተምበት ነበር። ቦታው ድረስ ሄዶ ያረጋገጠ ሰው የለም። ኮንቱሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ የ1950ዎቹ ተራራና የ1970ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የትኛው የመቼ እንደሆነ የሚነግራችሁ ኅዳጉ ላይ ያለው ጥቃቅን ጽሑፍ ነው። ፎቶው የተነሳበት ዓመት፣ ሜዳ ላይ የተረጋገጠበት ዓመት፣ የተሻሻለበት ዓመት፣ የታተመበት ዓመት እያለ ለየብቻ ይጽፈዋል። መሬቱን ከማየታችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

ኅዳጉ ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው የካርታው ኬክሮስና ኬንትሮስ የተመሠረተበት የመለኪያ ሥርዓት ነው። አሮጌዎቹ በ1927ቱ የሰሜን አሜሪካ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። የስልካችሁ ጂፒኤስ የሚጠቀመው አዲሱን ነው። ከአሮጌው ካርታ ያነበባችሁትን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁ ስልክ ላይ ብታስገቡት፣ አላስካ ውስጥ ከ100 ሜትር በላይ ሊዛነፍ ይችላል። የጎጆ ፍርስራሽ ለሚፈልግ ሰው 100 ሜትር ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የኮምፓስ ማረሚያ ነው። ኮምፓስ የሚያመለክተው የመግነጢሱን ሰሜን ነው፤ እውነተኛውን ሰሜን አይደለም። የመግነጢሱ ዋልታ ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ከካናዳ ወደ ሳይቤሪያ አቅጣጫ በፍጥነት ሄዷል። ፌርባንክስ አካባቢ በ1950ዎቹ ካርታ ላይ ማረሚያው ወደ 28 ዲግሪ ምሥራቅ ነበር፤ ዛሬ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። የ10 ዲግሪ ስህተት በ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 1.7 ኪሎ ሜትር ከመንገድ ያወጣል። የድሮውን ማረሚያ አትጠቀሙበት፤ የዛሬውን ፈልጉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር ካለበት አሮጌ ካርታ ለምን ይጠቅማል? ስለ ድሮው መሬት ሌላ ምስክር ብዙ ስለሌለ ነው። በ2002 በወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች በትንሽ አውሮፕላን ላይ ሌዘር ጭነው የ67 የአላስካና የአካባቢው ግግር በረዶዎችን ከፍታ ለኩ። ከዚያ በ1950ዎቹ ካርታዎች ላይ ካለው ኮንቱር ጋር አነጻጸሩት። በረዶዎቹ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በአማካይ በዓመት ግማሽ ሜትር ያህል ሳስተው ተገኙ። ለቱሪስት ተብሎ ያልተሠራ፣ መደርደሪያ ላይ የቆየ ካርታ የአየር ንብረት ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ግን እነሱም ካርታውን በጭፍን አላመኑትም። የላይኛው የበረዶ ሜዳ ፎቶ ላይ ወጥ ነጭ ስለሆነ፣ ኮንቱሩን የሳለው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ምልክት አጥቶ ሊሳሳት እንደሚችል ያውቁ ነበር። ስህተቱን ገምተው ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

በኮቡክ ሸለቆም እንዲህ ያለ ንጽጽር ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ መሥራት ይችላል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1884 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ የታተሙትን ቶፖግራፊክ ካርታዎች ስካን አድርጎ ቶፖቪው በሚባለው ድረ ገጹ በነጻ ያቀርባል። ቦታውን ፈልጋችሁ፣ ዓመቱን መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። ጂኦቲፍ የሚባለውን ፋይል ብትመርጡ ይሻላል፤ ቦታውን አብሮ ስለያዘ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሳተላይት ምስል ላይ ታነጥፉታላችሁ። ከሹንግናክ በታች ወንዙ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አንዳንዱ መታጠፊያ ተቆርጦ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ኩሬ ሆኗል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ስታስተያዩ በመታጠፊያው የውጭ ጎን ዳርቻው ሲበላ፣ በውስጡ ጎን አሸዋ ሲከመር ታያላችሁ። ልዩነቱ ጥቂት አሥር ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ወንዙ ተንቀሳቀሰ ከማለታችሁ በፊት የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ፤ ለምሳሌ የዓለት ጫፍ። እሱም በዚያው ልክ ከተዛነፈ የተንቀሳቀሰው ካርታው ነው።

ከ2010 ጀምሮ አላስካ እንደገና በአውሮፕላን ራዳር ተለክታለች። ራዳር ደመና አያግደውም። ዋናው ግፊት የበረራ ደህንነት ነበር፤ በአሮጌው መረጃ ላይ ተራራዎች ከቦታቸው ተዛንፈው፣ ወንዞች ሽቅብ ሲወጡ ይታይ ነበርና። አዲሶቹ ካርታዎች በ1:25,000 ስኬል ከ11,000 በላይ ወረቀት ናቸው። በከፍታ ረገድ አሮጌዎቹ አጠገባቸው አይደርሱም። ነገር ግን የሚሠሩት በኮምፒውተር ከመረጃ ቋት ተውጣጥተው ስለሆነ፣ የድሮዎቹ ቀያሾች በእግራቸው ደርሰው ያሰፈሯቸው ብዙ ነገሮች የሉባቸውም፤ የአዳኝ ጎጆ፣ የክረምት የውሻ ሠረገላ መንገድ፣ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ። ዛሬ ወደ አምብለር የማዕድን አካባቢ 340 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር የአላስካን ሰው ለሁለት ከፍሎታል። በዚያ ክርክር ውስጥ መንገዱ የሚያልፍበት ሸለቆ ድሮ ማን ይጠቀምበት እንደነበር የሚጠይቅ ሰው አዲሱን ካርታ ብቻ ከፈተ ማለት ጎጆዎቹን ሁሉ አላያቸውም ማለት ነው። ሁለቱንም ይክፈት፤ አሮጌው ላይ ላገኘው ነጥብ ሁሉ ደግሞ የወረቀቱን ስም፣ ስኬሉንና ፎቶው የተነሳበትን ዓመት አብሮ ይጻፍ።